ጥቆማ፦ ከአከርካሪ ዕጢ ቀዶ ጥገና በኋላ የአየር ፍራሽ ወይስ ስፖንጅ? (ባሕር ዳር)

ጠያቂ፦ ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። እናቴ የአከርካሪ ዕጢ ወጥቶላት ሰኞ ቤት ትገባለች፤ እግሯ ገና አልበረታም። ተኝታ ስትውል ገላዋ እንዳይቆስል በሞተር የሚነፋ የአየር ፍራሽ ልግዛ ወይስ ወፍራም ስፖንጅ ይበቃል? ሰፈራችን አባይ ማዶ ነው።

ጣና ዳር፦ የአየሩ ሞተር ያለ መብራት አይሠራም። መብራት ሲጠፋ ፍራሹ ይሟሽሻል፤ ከሥሩ ስፖንጅ ከሌለ ዳሌዋ ጣውላ ላይ አረፈ ማለት ነው። ተኝታበት ሳለ መዳፍህን ገልብጠህ ከፍራሹ ሥር፣ ዳሌዋ ትክክል አስገባ። አጥንቷ እጅህ ላይ ከተሰማህ አየሩ አንሷል። የትኛውንም ብትገዛ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ አይቀርም፤ ስታገላብጣት ትከሻና ዳሌዋ አብረው ይዙሩ፣ ወገቧ እንዳይጠመዘዝ።

ቀበሌ 14፦ ገበያው ጋ ያለውን የጋሼን ስፖንጅ የሚያህል የለም። አለቀ።

ጣና ዳር፦ ጋሼ ራሱ እየመጣ የሚያገላብጣት ከሆነ እኔም እገዛለሁ።

የተቃጠለ፦ የአየሩን ተዉት! በ3ኛው ሳምንት ቱቦው ሞተሩ ጋ ተሰነጠቀ። ሻጩ «ዋስትናው ለሞተሩ ብቻ ነው» ብሎ አረፈው።

ፔዳል፦ የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጠህ መልሰህ ሰካው፣ ይሠራል። የብስክሌት ማስቲሽ ግን ላስቲኩን አይዝም፣ አትልፋ።

የተቃጠለ፦ ብር ከፍሎ ደግሞ መካኒክ መሆን!

ዘጌ፦ ጠበልስ ብትወስዳት?

ሲስተር፦ ትጠጣ። ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ ሳይገጥም ግን አትጠመቅ። ደግሞ በፍራሽ ስትጨቃጨቁ ዋናውን ረሳችሁት። የቁስሉ ጎዝ እንደ ውሃ በጠራ ፈሳሽ ከራሰ፣ ወይም ቁጭ ስትል ራሷን ፈልጧት ስትተኛ የሚተዋት ከሆነ፣ የአከርካሪው ፈሳሽ ሾልኮ ሊሆን ይችላል። ጎዝ መደራረብ አያቆመውም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። ትኩሳትና የአንገት መገተር ከታከለ ማጅራት ገትር ያሰጋል። እግሯ ከነበረው ከደከመ ወይም ሽንቷ እምቢ ካለ ደግሞ ደም ቋጥሮ ነርቩን ተጭኖት ይሆናል፤ ሌሊትም ቢሆን ጥበበ ግዮን ወይ ፈለገ ሕይወት ድንገተኛ ክፍል፣ በባጃጅ ሳይሆን አስተኝቶ በሚወስድ መኪና። አንድ ባቷ ብቻ ካበጠ እንዳታሹት፣ ደም ረግቶበት ከሆነ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ዴክሳሜታዞን (የነርቭ እብጠት መቀነሻው) ከታዘዘላት በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ዲክሎፌናክም (የሕመም ማስታገሻው) አትደርቡበት፣ ጨጓራ ያደማል።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ለትከሻ ሕመም ጎበዝ ፊዚዮቴራፒ የምታውቁ?

ጠያቂ፦ ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። በዚህ ሙቀት ላስቲኩ ላብ አያመጣባትም?

ሲስተር፦ ያመጣል። ከላይ አንድ የጥጥ አንሶላ ብቻ፣ ላላ አድርገህ። ብርድ ልብስ ከሥር ከደረብክበት የአየሩ ጥቅም ቀረ።

ቀበሌ 14፦ ጋሼ እሁድም ክፍት ነው።