ኬኔት ክላርክ ከፓርቲያቸው መባረራቸው ተገቢ ነበርን?

ጥያቄ አቅራቢው፦ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2019 ምሽት የብሪታንያ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት፣ አገሪቱ ያለ ስምምነት ከአውሮፓ ኅብረት እንዳትወጣ የሚያግድ ሕግ ለማውጣት ሲል፣ አጀንዳውን በ328 ለ301 ድምፅ ከመንግሥት እጅ ወሰደ። ከተቃዋሚዎች ጋር ድምፅ የሰጡ 21 የወግ አጥባቂ ፓርቲ እንደራሴዎች ወዲያው ከፓርቲው የፓርላማ ቡድን ተባረሩ። ከእነዚህ አንዱ ኬኔት ክላርክ ነበሩ፤ ከ1970 ጀምሮ የሩሽክሊፍን ወረዳ የወከሉ፣ በታቸር፣ በሜጀርና በካሜሩን መንግሥታት የጤና፣ የትምህርት፣ የአገር ውስጥ፣ የገንዘብና የፍትሕ ሚኒስትርነትን የያዙ፣ በዚያን ጊዜም በአገልግሎት ዘመን ርዝመት «የምክር ቤቱ አባት» የሚባሉ ሰው ናቸው። እኔ ውሳኔውን በደል እለዋለሁ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ የያኔዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ያመጡት የመውጫ ስምምነት በ432 ለ202 ሲወድቅ፣ ክላርክ ከመንግሥታቸው ጋር ሲቆሙ፣ በሴፕቴምበሩ መባረር ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቦሪስ ጆንሰን ግን ተቃውመው ነበር። ያኔ ጆንሰንን ማንም አላባረራቸውም። ለአንዱ እናት፣ ለሌላው የእንጀራ እናት የሚሆን ሥርዓት ዲሲፕሊን ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦ ወንድሜ፣ የሰውየውን ሥራ አላቃልልም። በሜይ 1993 የገንዘብ ሚኒስትር ሲሆኑ ፓውንድ ከአውሮፓ የምንዛሪ ሥርዓት ተገፍቶ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር፤ በ1997 ሥልጣኑን ለሌበር ሲያስረክቡ ግን የዋጋ ንረቱ ረግቶ፣ ሥራ አጥነቱም ቀንሶ ነበር። የበጀት ንግግራቸውን የዊስኪ ብርጭቆ አጠገባቸው አስቀምጠው ሲያሰሙ በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኛል፤ በራሱ የሚተማመን ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ረጅም አገልግሎት ቃል ለማፍረስ ፈቃድ አይሆንም። በጁን 2017 ምርጫ ፓርቲያቸው ከአውሮፓ የጉምሩክ ኅብረት (አባል አገሮች በመካከላቸው ቀረጥ ከማይጠይቁበት ስምምነት) እንደምንወጣ በጽሑፍ ቃል ገብቶ ነበር። ክላርክ በዚያ ፓርቲ ስም ተወዳድረው በ8,010 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ፤ በኤፕሪል 1 ቀን 2019 ደግሞ አገሪቱ በጉምሩክ ኅብረት ውስጥ እንድትቆይ የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ ራሳቸው አቀረቡ። ይህ በአንድ ራስ ሁለት ምላስ አይደለምን?

የሕግ ባለሙያዋ፦ አይደለም፤ ምክንያቱም ክላርክ አቋማቸውን ከማንም አልደበቁም። በፌብሩዋሪ 2017 የመውጣቱን ሂደት የሚያስጀምረው ረቂቅ ሕግ ሁለተኛውን ንባብ፣ ማለትም በረቂቁ አጠቃላይ ሐሳብ ላይ የሚሰጠውን ድምፅ፣ በ498 ለ114 ሲያልፍ፣ ከወግ አጥባቂ እንደራሴዎች መካከል የተቃወሙት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ከአራት ወር በኋላ የሩሽክሊፍ ሰዎች ይህን እያወቁ መረጧቸው፤ ራሱ ወረዳው በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ በአብላጫ ድምፅ «እንቆይ» ያለ ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንደራሴና የፖለቲካ አሳቢ ኤድመንድ በርክ በ1774 ለብሪስቶል መራጮች እንደራሴ ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን የራሱንም ፍርድ እንደሚያበረክት ነግሯቸዋል፤ ክላርክም የኖሩት በዚህ መንገድ ነው። ደግሞም አንድ የማይረሳ ነገር አለ። ብሪታንያ መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ማኅበረሰብ፣ ወደ ዛሬው ኅብረት ቀዳሚ፣ እንድትገባ ምክር ቤቱ በኦክቶበር 1971 በ356 ለ244 ሲወስን፣ 69 የሌበር እንደራሴዎች የፓርቲያቸውን ጥብቅ ትእዛዝ ጥሰው ከወግ አጥባቂው መንግሥት ጋር ድምፅ ሰጥተዋል። ሌበር እነዚያን ሰዎች አላባረረም። በቀጣዩ ዓመት ክላርክ በመንግሥት በኩል ድምፅ አስተባባሪ ሆነው ሕጉን ለማሳለፍ ሲሯሯጡ፣ ሁለተኛው ንባብ በ8 ድምፅ ብልጫ ብቻ አልፏል። በሌላው ፓርቲ አማፂዎች ትከሻ ላይ የቆመ ሕግ ያሳለፉ ሰው፣ በስተርጅና ራሳቸው ቢያምፁ እንግዳ ነገር አይሆንብኝም።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦ እህቴ፣ በርክም በ1780 ብሪስቶልን አጥቷል፤ ለፍርድ ነፃነት ዋጋ ይከፈልበታል። በ2001 የፓርቲው መሪ ምርጫ ክላርክ በእንደራሴዎቹ የመጨረሻ ዙር 59 ድምፅ አግኝተው ቀዳሚ ሲሆኑ፣ ተራው አባል ግን ኢያን ደንከን ስሚዝን በ61 በመቶ መረጠ። ፓርቲው የአባላቱ ነው፤ አባላቱም ክላርክ ወደሚሉት አቅጣጫ መሄድ አልፈለጉም።

ነርሱ፦ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የምትነጋገሩበት ሰው ለእኔ ሌላ ሰው ነው። ክላርክ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጤና መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ሆነው ሳለ፣ የደም ተዋጽኦዎች ኤድስን ስለማስተላለፋቸው የተረጋገጠ ማስረጃ የለም የሚለውን አቋም ለሕዝብ አሰምተዋል። ሕሙማን የተበከለ ደምና የደም ተዋጽኦ የተሰጣቸውን ጉዳይ የመረመረው የብሪያን ላንግስታፍ ሪፖርት በ2024 ይህን አነጋገር ተገቢ አይደለም ብሎ ነቅፎታል። ከ30,000 በላይ ሰዎች ተበክለዋል፣ 3,000 ያህሉ ሞተዋል፤ ከነዚህ መካከል ደማቸው ቶሎ የማይረጋ ሕፃናት ይገኙበታል። እናቶች በቤታቸው፣ ከማቀዝቀዣው እያወጡ፣ በገዛ እጃቸው የወጉት መድኃኒት ነበር። በ2021 ክላርክ ለመርማሪው ሲመሰክሩ ያሳዩት ጠባይ በራሱ በሪፖርቱ ተተችቷል። የራስን ፍርድ ማስከበር ትልቅ ነገር እንደሆነ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ፍርዱ ሲሳሳት ለተጎዱት ዝቅ ብሎ መቆምንም የሚጨምር መሆን አለበት።

ጥያቄ አቅራቢው፦ ነርሱ ያሉት ትክክል ነው፤ ጥያቄዬንም ሳቀርብ ይህን ልተው አይገባኝም ነበር። የሰውየውን ዘመን በአንድ ምሽት ድምፅ ብቻ ልለካው እንደማልችል አሁን ገብቶኛል። ስለ መባረራቸው ግን አቋሜን አልለወጥኩም። የጉምሩክ ኅብረቱ ሐሳብ በ273 ለ276፣ በሦስት ድምፅ ብቻ ነው የወደቀው፤ ይህ የአንድ ግትር ሽማግሌ ምኞት ሳይሆን የምክር ቤቱ ግማሽ የተቀበለው መንገድ ነበር። በዚያ የሴፕቴምበር ምሽት ክርክሩ እየተካሄደ የጆንሰን ሚኒስትር ጄከብ ሪስ-ሞግ በመንግሥት የፊት ወንበር ላይ ጋደም ብለው ሲታዩ፣ እኔ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ስለ ሥርዓት አክባሪነት የሚነገረን ነገር ትርጉሙ ጠፋብኝ። ሁለተኛው ተከራካሪም አንድ ነገር እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ፦ ክላርክ በእውነት ለፓርቲው የማይበቁ ሰው ከነበሩ፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላ በ2020 ጆንሰን ራሳቸው ለጌቶች ምክር ቤት ያጯቸው፣ እርሳቸውም እዚያ እንደገና ከወግ አጥባቂዎች ጋር የተቀመጡት በምን ምክንያት ነው?