ፍላሽ ይመጣልኛል ብዬ ተበላሁ፤ ስሌቱን የሚያስረዳኝ አለ?

ቆሎ በላ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቴክሳስ ሆልደም (ሁለት ካርታ በእጅ ተይዞ አምስት ጠረጴዛ ላይ የሚገለጥበት የፖከር ዓይነት) እንጫወታለን። በገንዘብ አይደለም፣ በሽምብራ ቆሎ ነው። በእጄ የልብ ኤስና የልብ 7 ነበሩኝ። መጀመሪያ ከተገለጡት ሦስት ካርታዎች ሁለቱ ልብ ናቸው። ለፍላሽ፣ ማለትም አንድ ዓይነት ምልክት ላላቸው አምስት ካርታዎች፣ አንድ ልብ ብቻ ጎደለኝ ማለት ነው። አራተኛው ተገለጠ፣ ልብ አይደለም። መሐል ላይ 60 ሽምብራ አለ፤ ተጋጣሚዬ 60 አስያዘ። አጠገቤ ያለው ጓደኛዬ «ከሦስት አንዴ ይመጣል፣ ግባ» አለኝ። ገባሁ። ሙልጭ አድርጎ በላኝ። በኋላ ሳነብ ደግሞ ፍላሽ የሚመጣው 0.2 በመቶ ነው ይላል። የቱን ልመን?

ፈጣኑ፦
ልብ 13 ነው፣ 4ቱ ወጥተዋል፣ 9 ቀረ። 9 ለ 52፣ 17 በመቶ ገደማ። አለቀ።

የሂሳብ ሰው፦
9ኙ ልክ ነው፣ 52ቱ ግን አይደለም። ሁለት በእጁ፣ አራት ጠረጴዛው ላይ አይቷል። ያልታየው 46 ነው። 9 ለ 46፣ 19.6 በመቶ። ከአምስት አንዴ በለው።

ጓደኛህ አልዋሸህም፣ ዘግይቶ ነው የነገረህ። ሦስቱ ብቻ ተገልጠው ሁለት ካርታ ሲቀር ዕድልህ 35 በመቶ ነበር። አራተኛው ሲያልፍህ ግማሽ ያህሉ አብሮት ሄደ።

0.2 በመቶው ሌላ ጥያቄ ነው የሚመልሰው። ከተበወዘ ካርታ አምስት ብቻ ቢታደልህ ሊደርስህ የሚችለው 2,598,960 ዓይነት ነው። ፍላሽ የሆነው 5,108 ብቻ። አንተ ግን አራቱን ይዘህ ነበር።

ጠርጣሪ፦
ሌሎቹ የጣሉት ካርታ ውስጥ ልብ ቢኖርስ?

የሂሳብ ሰው፦
ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ካላየኸው፣ ገና ካልታደለው ጋር አብሮ ይቆጠራል። አንዱ ሲጥል አንድ ልብና አንድ ሌላ ቢያሳይህ ግን 8 ለ 44 ይሆናል።

የድሮ ተጫዋች፦
ወንድሜ፣ ዕድሉን ብቻ አትይ፤ ዋጋውንም እይ። 60 ከፍለህ ልትወስድ የነበረው 120 ነው። ይህ የሚያዋጣህ ቢያንስ ከሦስት አንዴ ካሸነፍክ ነው። ያንተ ከአምስት አንዴ ነው፤ መጣል ነበረብህ። ተጋጣሚህ 15 ብቻ አስይዞ ቢሆን 75 ለመውሰድ 15 ትከፍላለህ። ያኔ ከስድስት አንዴ ይበቃሃል፣ ዓይንህን ሳታሽ ትገባለህ። ኤስ ይዘሃል፣ ከመጣልህ የሚበልጥህ ፍላሽ የለም።

ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ማን ያካፍላል? የሚጠቅምህን ካርታ ቁጠር፤ ሁለት ሲቀር በ4፣ አንድ ሲቀር በ2 አባዛ። 36 እና 18 በመቶ ይመጣልሃል። ለሽምብራ በቂ ነው።

ቆሎ በላ (ጠያቂ)፦
አሁን ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለዚህኛው ቅዳሜ ግን ሽምብራውን የምቆላው እኔ ነኝ። የእኛ ሕግ ነው፣ የተበላ ይቆላል።