አስቸኳይ፦ ነገ ማታ ያለ መሣሪያ ለምንዘፍነው ዘፈን ወፍራም ድምፅ የሚይዝልን አጣን

ጠያቂዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በእንግሊዝ አገር በሱመርሴት ነው። የባለቤቴ ቤተሰብ በየዓመቱ ጃንዋሪ 17 ማታ በፖም ዛፎቹ መካከል ቆሞ ያለ ምንም መሣሪያ የዋሴል ዘፈን፣ ማለትም ዛፎቹ መልካም ፍሬ እንዲሰጡ የሚዘፈነውን የምኞት ዘፈን፣ ይዘፍናል። ዘፈኑን የሚያነሡትም፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዙትም አማቴ ናቸው፤ ከትናንት ጀምሮ ግን በጉንፋን ድምፃቸው ተዘግቷል። ዛሬ ያለ እሳቸው ስንሞክር ባለቤቴ ከፍ አድርጎ ስላነሣው አዝማቹ ላይ መድረስ አቃተን፤ ዝቅ ሲያደርገው ደግሞ የእኔ ድምፅ አልወጣም። ምን እናድርግ?

የብሪስቶሏ፦ እህቴ፣ ዝንጅብል በማር አፍልተሽ ስጫቸው፤ በሹክሹክታም ቢሆን እንዳያወሩ አደራ።

ባሕረ ሐሳብ ወዳድ፦ ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዞች በ1752 የቀን አቆጣጠራቸውን ሲለውጡ 11 ቀን ዘለሉ፤ በዚህ የተነሣ ጃንዋሪ 6 ይውል የነበረው የቀድሞው በዓል ጃንዋሪ 17 ላይ አረፈ፤ ካርሃምፕተንን በመሰሉ የሱመርሴት መንደሮችም እስከ ዛሬ በዚያው ቀን ይከበራል። ይህ በዓል በአሮጌው አቆጣጠር ጥምቀት ነው። ከዚያ ወዲህ በ1800 እና በ1900 ልዩነቱ አንድ አንድ ቀን ስለ ጨመረ የእኛ ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል።

ዘማሪው፦ ወፍራም ድምፅ ከሌለ ዘፈኑ ጎደለ የሚለውን አልቀበልም። እኛ ለቡሄ በየደጁ ስንዞር አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ነው፤ ሙልሙሉም አልቀረብንም። በአንድ ድምፅ ዝፈኑት።

የሃል ነዋሪ፦ ወንድሜ፣ የዚህ ቤተሰብ ቅርስ እኮ ድምፆቹ ሲለያዩና ሲገናኙ የሚሰማው ነው። በሰሴክስ፣ በሮቲንግዲን መንደር የኮፐር ቤተሰብ በሁለት ድምፅ የሚዘፍነውን ኬት ሊ የተባለች ሰብሳቢ በ1898 መጥታ በኖታ ጻፈችው፤ ግጥሞቹንም ጂም ኮፐር በ1936 በእጁ ጽፎ ለልጆቹ አቆየላቸው። እዚህ በሃል ከተማ ያደጉት ዋተርሰኖች፣ ሦስት ወንድምና እኅትማማቾች ከአንድ ዘመዳቸው ጋር፣ በ1965 የዓመቱን ወቅቶች የሚከተል ሙሉ አልበም ያለ መሣሪያ አስቀርጸዋል። እህቴ፣ ድምፁን እንዳትተዪው።

የመዘምራን አሠልጣኝ፦ ስንት ሰው ናችሁ? አማትዎ ሲያነሡት ከየትኛው ድምፅ ነበር የሚጀምሩት?

ጠያቂዋ፦ ያለ እሳቸው አምስት ነን፤ ሦስት ሴቶች፣ ባለቤቴና ወንድሙ። ከየት እንደሚጀምሩ አላውቅም። ሁለት ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ መታ ያደርጉና፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጥቂት ያንጎራጉራሉ፤ ከዚያ እኛ እንገባለን። የዘንድሮው እንዲቀር አልፈልግም፤ አማቴም መስኮት ከፍቼ አዳምጣለሁ ብለዋል።

የብሪስቶሏ፦ ዝንጅብሉን ሰጠሻቸው? ሎሚም ጨምሪበት።

የመዘምራን አሠልጣኝ፦ እንግዲያው የአምናው ቅጂ በአንዳችሁ ስልክ ላይ ካለ የመጀመሪያውን ድምፅ ከእሱ ያዙ፤ ከሌለ አዝማቹ ውስጥ ያለውን ከፍተኛውን ድምፅ ያለ ጭንቀት የምታወጡበትን ቦታ ፈልጉና ከዚያ ወደ መነሻው ቁጠሩ። የተገኘውን መነሻ በስልክ ቅረጹት፤ ነገ ከመጀመራችሁ በፊት ባለቤትዎ በጆሮው ሰምቶ እንደ አባቱ ያንጎራጉረው። ወንድሙ የአባቱን መስመር በአንድ ሌሊት እንዲያጠና አታስገድዱት፤ የግጥሙን ቤቶች ሁላችሁም በአንድ ድምፅ ዝፈኑ፣ አዝማቹ ላይ ብቻ እሱ መነሻውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ሳይለቅ ይያዝ። ዜማው በላዩ ላይ ሲሄድ የማይስማማበት ቦታ ካጋጠማችሁ እዚያች ቃል ላይ ብቻ ከእናንተ ጋር ይግባ።

ዘማሪው፦ በዚህ እስማማለሁ፤ አንዱ ያወጣል፣ አዝማቹን ሁሉ ይቀበላል ማለት ነው።

የሃል ነዋሪ፦ ውጭ ብርድ ስለሆነ ድምፁ ከአንዱ የግጥም ቤት ወደ ሌላው እየወረደ ሊሄድ ይችላል፤ ሁላችሁም አብራችሁ እስከ ወረዳችሁ ድረስ ግን ሰሚው አያውቅም። ተራርቃችሁ አትቁሙ፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥማችሁ ክብ ሥሩ፤ ወንድምየው መካከል ይግባ፣ ክቡም አማትዎ በከፈቱት መስኮት በኩል ክፍት ይሁን። እንደ ልማዱ በሳይደር፣ ከፖም በሚሠራው መጠጥ፣ የራሰውን የተጠበሰ ዳቦ ቅርንጫፉ ላይ ማንጠልጠሉ ከዘፈኑ በኋላ ይሁንላችሁ፤ እጅ ሥራ ሲይዝ ጆሮ ይዘናጋልና።