ኤንኤስ-3 በ8 ኮር ከ1 ኮር ለምን ይዘገያል?

ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ጥናቴ ኤንኤስ-3 በሚባለው የኔትወርክ ሲሙሌተር የዳታ ሴንተር ኔትወርክ ሲሙሌት እያደረግኩ ነው። 1024 ሰርቨርና 320 ስዊች ያለው ፋት-ትሪ (ስዊቾቹ በደረጃ የሚደራረቡበት አወቃቀር) ነው፤ የሁሉም ሊንክ ዲሌይ (መዘግየት) 1 ማይክሮ ሰከንድ ነው። በአንድ ኮር ቀኑን ሙሉ ስለሚፈጅብኝ በኤምፒአይ (ፕሮሰሶች መልእክት በሚለዋወጡበት ዘዴ) ለ8 ኮር አከፋፈልኩት። ሰርቨሮቹንና ስዊቾቹን በተራ ቁጥራቸው እያዞርኩ ነው ለኮሮቹ ያደልኳቸው። ጭራሽ ባሰበት! ሜሞሪውም አልቀነሰም። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ማታ ኮደር፦
እህቴ፣ ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። እያንዳንዱ ኮር የራሱን ሰዓት ይዞ ይሄዳል። አንዱ ቀድሞ ከሄደ በኋላ «ይሄ ፓኬት ቅድም ደርሶህ ነበር» የሚል መልእክት ከሌላው ቢመጣበት ውጤቱ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ኤንኤስ-3 ማንም ከተፈቀደለት በላይ እንዳይሮጥ ያግዳል። የሚፈቀደው ርቀት፣ ሉክአሄድ የሚሉት፣ በኮሮቹ መሃል ከተቆረጡት ሊንኮች የትንሹ ዲሌይ ነው። ያንቺ 1 ማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ የ1 ሰከንድ ትራፊክ ለማስኬድ 8ቱም እስከ 1 ሚሊዮን ጊዜ ቆመው ይጠባበቃሉ። በ10 ጊጋቢት ሊንክ የ1500 ባይት ፓኬት ለመውጣት ብቻ 1.2 ማይክሮ ሰከንድ ይፈልጋል፤ በአንድ ዙር አንድ ፓኬት እንኳ ወጥቶ አያልቅም።

በተራ ቁጥር ማደልሽ ደግሞ ጎረቤታሞቹን ለያይቷቸዋል። 16 ፖድ (አብረው የተያያዙ የሰርቨርና የስዊች ቡድኖች) አለሽ አይደል? ለእያንዳንዱ ኮር 2 ሙሉ ፖድ ስጪው፣ 64ቱን የላይኞቹን ስዊቾች ስምንት ስምንት አካፍያቸው። ፖዱ ውስጥ የሚቀረው ትራፊክ ያኔ ኤምፒአይን አይነካም። ሜሞሪው ያልቀነሰው ሙሉው ቶፖሎጂ በሁሉም ፕሮሰስ ላይ ስለሚፈጠር ነው።

ባለ ሰርቨሩ፦
ዲሌዩን ከፍ ብታደርጊው ይፈጥናል፣ ግን እባክሽ እንዳትነኪው። 1 ኪሎ ሜትር ፋይበር ወደ 5 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ከተማን ከከተማ በሚያገናኝ ኔትወርክ ላይ ይሄ ዘዴ የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ አንድ ሕንፃ ውስጥ ግን ዲሌይ ስትጨምሪ የምታጠኚው ኔትወርክ ሌላ ሆነ ማለት ነው። ይልቅ በስንት ሲድ (የዘፈቀደ ቁጥሮቹ መነሻ) ነው የምትደጋግሚው? ሜሞሪ ከበቃሽ ሳትከፋፍዪ 8 ሲድ ጎን ለጎን አስኪጂ። እዚያ ማንም ማንንም አይጠብቅም።

ተማሪዋ፦
በ10 ሲድ ነው! ይሄ እንዴት አልታየኝም። በፖድ ስከፍለው ደግሞ ከ1 ኮሩ ፈጠነ። ግን ሳይጠባበቁ ሄዶ፣ ስህተት ሲመጣ ወደኋላ መመለስ አይቻልም?

ማታ ኮደር፦
ይቻላል፣ ታይም ዋርፕ ይባላል። ዴቪድ ጀፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ነው ያሳተመው። በ2013 ሴኮያና ቩልካን የተባሉትን ሱፐርኮምፒውተሮች አጣምረው በ1,966,080 ኮር በሰከንድ 504 ቢሊዮን ክስተት አስኬደውበታል፣ ያውም በቀላል መፈተኛ ሞዴል። ግን ሞዴሉ የሠራውን መልሶ ማፍረስ መቻል አለበት፤ የኤንኤስ-3 ኮድ እንዲያ ተብሎ አልተጻፈም። አንቺ ሲዶቹን ዛሬ ማታ አስነሻቸው፣ ጠዋት ውጤቱን እዚህ ጻፊልን።