የነጣ የቪትዝ ጣሪያ፦ ፖሊሽ ይመልሰዋል ወይስ ይቀባ?

እናት ከኮዬ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እህታችሁን ምከሩኝ። የ2003 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፣ ጥቁር ሰማያዊ። ከገዛኋት አምስት ዓመት ሆነኝ። ያኔ ዓይኔ ውስጥ የገባው ቀለሟ ነበር። ጥላ ውስጥ ጥቁር ትመስላለች፣ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ሰማያዊው ብልጭ ይላል።

አሁን ያ ሁሉ የለም። ኮፈኑ ደብዝዟል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ ጭረት ይታይበታል። ጣሪያው ብሶበታል፣ አመድ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። ከኋላው መስታወት በላይ ደግሞ የእጄን መዳፍ የሚያህል ቦታ እየተላጠ ነው። በሮቹ ግን ደህና ናቸው።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ናት፣ ጥላ የለንም። ግንባታው ገና ስላላለቀ የሲሚንቶና የአፈር ብናኝ በየቀኑ ይለብሳታል። ጠዋት ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት ለማድረስ ስቸኩል መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ እነሳለሁ፣ ኮፈኑንም አብሬ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ ሰፈር ውስጥ በባልዲ የሚያጥቡ ልጆች ያጥቡልኛል።

ሁለት ቦታ ጠየቅኩ። አንዱ "ሙሉ ፖሊሽና ሴራሚክ ኮቲንግ ሠርተን አዲስ እናደርግልሻለን፣ 25 ሺህ ብር" አለኝ፣ ሴራሚኩ ቀለሙ ላይ ተቀብቶ የሚጠነክር መከላከያ ሽፋን ነው። ሌላው ከሩቅ አይቶ "ይቺን ፖሊሽ አይመልሳትም፣ ሙሉ ቀለም ትቀባ" አለ። ማንን ልመን? የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያለችኝን አጥብቆ መያዝ ነው የሚያዋጣኝ። አንድ ቀን ልሽጥ ብልም የመጀመሪያው ጥያቄ "ቀለሟ ኦሪጅናል ነው?" እንደሚሆን አውቃለሁ። እንዲሁ ዘልዬ ማስቀባት ፈራሁ።

ባለማሽኑ ከገላን፦

እህቴ፣ ሁለቱም ሳይለኩ ነው የነገሩሽ። ሥራዬ ይሄው ነው፣ ግን ወደኔ ነይ ለማለት አይደለም የምጽፍልሽ። በየሳምንቱ ሊድን የሚችል ቀለም ተቀብቶ፣ ሊድን የማይችል ደግሞ ተፍቆ ስለማይ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በይ። ፖሊሽ ማለት መፋቅ ነው፣ የሚጨምረው ነገር የለም። ከብረቱ ቀጥሎ ፕራይመር የሚባለው የሥር ቅብ አለ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው ቀለም የሌለው ሽፋን። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መኪና ሁሉም ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፣ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከዚህ ውስጥ ክሊሩ 40 ወይ 50 ቢሆን ነው። አንድ የፀጉር ዘለላ 70 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ስለዚህ የምናወራው ከፀጉር ስለሚቀጥን ነገር ነው። ቀላል ፖሊሽ ከ1 እስከ 3 ማይክሮን ይወስዳል። በኮምፓውንድ፣ ማለትም ሻካራ በሆነው ፖሊሽ፣ እና በብርጭቆ ወረቀት ከተገባ የበለጠ ይሄዳል። የሄደው አይመለስም። ፀሐይን የሚከላከለው ንጥረ ነገር ያለውም እዚያው ክሊሩ ውስጥ ስለሆነ፣ በየዓመቱ "ላብርቅርቃት" እያለ የሚያስፍቅ ሰው መኪናውን ለፀሐይ እያጋለጣት ነው።

ጣሪያና ኮፈን ቀድመው የሚጎዱት ፀሐይን በቀጥታ ስለሚቀበሉ ነው። ብርዱ አያታልልሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ አልትራቫዮሌት ጨረሩ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል።

አሁን ቤትሽ ሆነሽ የምታዪው ነገር አለ። ጠዋት ብረቱ ሳይሞቅ፣ ታጥባ ንጹሕ ከሆነች በኋላ ጣሪያው ላይ ውሃ አርከፍክፊ። እርጥብ እያለ ሰማያዊው ከተመለሰ የደነዘዘው የላይኛው ፊት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ፖሊሽ ያነሳዋል። እርጥብ ሆኖም ነጭ ከሆነ፣ በተለይ ጠርዙ ጣት የሚይዝ ከሆነ፣ እዚያ ቦታ ክሊሩ ሞቷል። የሞተ ክሊር በምንም ማሽን አይነሳም፣ የሚቀረው መቀባት ብቻ ነው። ጭረቶቹን ደግሞ በጥፍርሽ አቋርጠሽ ሂጂባቸው። ጥፍርሽን ካልያዘው ቀላል ነው። ከያዘው ጥልቅ ነው፣ እሱን ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ የሚልሽን አትመኚ።

ከዚያ የውፍረት መለኪያ ያለው ሰው ጋ ሄደሽ እያንዳንዱን ብረት አስለኪ። ከ200 በላይ ካሳየ ያ ቦታ ተቀብቷል ማለት ነው፣ 500ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከሥሩ ስቱኮ፣ የተጎዳ ብረት የሚሞላበት ልጥፍ፣ ሊኖር ይችላል። ፓራውልቱ ላስቲክ ስለሆነ ተራው መለኪያ አያነበውም። መለኪያ ሳይዝ ማሽን የሚያነሳ ሰው ኮፈንሽን እንዲነካ አትፍቀጂ።

ሰበታ መንገድ፦

ከላይ የተጻፈው ልክ ነው፣ እኔ ዋጋውን ከፍዬበታለሁ። ብርማ ኮሮላ አለችኝ። ለእህቴ ሠርግ እንድትደርስ ብዬ መንገድ ዳር ከሚሠራ አንድ ቦታ ወሰድኳት። ግንቦት ነበር፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ብረቱ እጅ አያስነካም። እዚያው ፀሐይ ላይ ኮምፓውንዱን ቀቡና በትልቁ ማሽን ገቡበት። አቧራው ከመንገዱ እየተነሳ ስፖንጁ ላይ ያርፋል፣ ስፖንጁም በዚያው ይሽከረከራል። ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ፣ ያውቃሉ ብዬ።

ሲጨርሱ መስታወት ሆነች። እውነቴን ነው፣ ሠርጉ ላይ ሰው ሁሉ ጠየቀኝ። ከሁለት እጥበት በኋላ ግን ጭረቱ በሙሉ ተመልሶ መጣ። ለካ ያኔም አልጠፋም፣ ቅባት ነገር ሞልተውበት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የቀኙ ፓራፋንጎ ነው። ጠርዙ ላይ ማሽኑን አቁመውበት ቀለሙ ተበልቶ ፕራይመሩ ወጥቷል፣ እንደ ክር ቀጥ ያለ ግራጫ መስመር። ዛሬም በሩን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ነው የሚያርፈው።

ስለዚህ እህቴ ሁለት ነገር። ከመጀመራቸው በፊት ጠርዝና መጋጠሚያውን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑት፣ ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው። ሲጨርሱ ደግሞ ብር ከመክፈልሽ በፊት ፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል ውሃ ጨምረሽበት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊውና የስልክሽን መብራት አስጠግተሽ እዪ። ቅባት ከሆነ ይለቃል፣ ጭረቱ ፊትሽ ይወጣል። በደንብ የሠራ ሰው በዚህ አይቆጣም።

እናት ከኮዬ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ማለዳ ልጆቹ ሳይነሱ ወጥቼ እንዳላችሁኝ አደረግኩ። ጣሪያው ላይ ውሃውን ሳፈስ ያ ሰማያዊ ቀለም ከውስጥ ወጣ! የገዛኋት ቀን የነበረው። ባልዲውን እንደያዝኩ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ከፊት በኩል መድረቅ ሲጀምር እያየሁት መልሶ ነጣ። የተላጠው ቦታ ግን እርጥብ ሆኖም ነጭ ነው፣ ጠርዙ ጣቴን ያዘኝ፣ ትንሽ ስነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነገር ተነሳ። ወዲያው ተውኩት። ኮፈኑ ላይ ጥፍሬ ምንም አልያዘም። የሹፌሩ በር ላይ ያለው የቁልፍ ጭረት ግን ይይዛል።

የሱሉልታው ዲኤክስ፦

እኔ ደግሞ የተለየ ነገር ላምጣ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሌላ ሰው ቢያነበው ይጠቅመዋል። የአባቴ ቀይ ዲኤክስ እኔ ጋ ናት። የሷ ቀለም ክሊር የለውም፣ ከላይ እስከ ታች ቀለም ብቻ ነው። በነጭ ጨርቅ ፖሊሽ ሳሻት ጨርቁ ቀይ ይሆናል። መጀመሪያ ጊዜ በርበሬ የነካሁ መስሎኝ እጄን አየሁ፣ ደነገጥኩ፣ ያበላሸኋት መሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ፣ የሚወጣው የሞተው የላይኛው ቀለም ነው፣ ሕያው የሆነው ከሥሩ አለ። እንደዚህ ያለ ቀለም ኖራ መስሎ ነጥቶም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የእህታችን ቪትዝ ግን ብልጭታ ያለው ቀለም ስለሆነ ክሊር አለው። እሷ ላይ ጨርቁ ሰማያዊ ከሆነ ክሊሩ አልቋል ማለት ነው፣ ወዲያው መቆም አለባት።

ሴራሚኩን ግን ብትተዪው ባይ ነኝ። አባቴ በየሦስት ወሩ በእጁ ሰም ይቀባት ነበር፣ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እጅሽ በየቦታው ስለሚያልፍ ትንሿን ጉዳት ቀድመሽ ታያታለሽ።

ባለማሽኑ ከገላን፦

የዲኤክሱ ወንድሜ የአባትህን ቀለም በመጠበቅህ ደስ ብሎኛል። በሰሙ እስማማለሁ፣ ጊዜ ላለው ሰው። ልጆች አድርሳ ሥራ ለምትሮጥ እናት ግን ሴራሚኩ ይጠቅማል፣ ቆሻሻው ቶሎ ይለቅላታል። ብቻ ምን እንደማያደርግ ትወቅ። ጭረት አይከላከልም። በደረቅ ጨርቅ ከተጠረገ ሴራሚክም ይጫራል። ጭረቱ ሳይነሳ ከተቀባ ደግሞ ጭረቱን አሽጎ ያስቀምጠዋል።

እህቴ፣ እንግዲህ እንደ ገለጽሽው ከሆነ ሙሉ ቀለም አያስፈልግሽም፣ ሙሉ ፖሊሽም አያድናትም። ጣሪያው ይቀባ፣ እሱም ፎርኖ፣ ቀለሙ በሙቀት የሚደርቅበት ዝግ ክፍል፣ ያለው ጋራዥ፣ ደጅ ላይ አይሁን። የተላጠችውን ቦታ ብቻ ጠጋግነው እንዲሰጡሽ አትቀበይ፣ በዙሪያዋ ያለው ክሊርም ተራውን እየጠበቀ ነው፣ በዓመቱ ከጎኗ መላጥ ይጀምራል። ኮፈኑና በሮቹ በደንብ ታጥበው በክሌይ፣ የተጣበቀ ቆሻሻ በሚለቅመው ጭቃ መሰል ነገር፣ ከጸዱ በኋላ በቀላል ፖሊሽ ይሠሩ። መጀመሪያ ክንድ በክንድ የሚሆን ቦታ ላይ ይሞክሩልሽና እዪው። በዝቅተኛው ከመጣ ወደ ኃይለኛው መሄድ አያስፈልግም። የቁልፉን ጭረት ተይው፣ እሱን ለማጥፋት ብሎ ክሊሩን መጨረስ አይገባም። ሴራሚክ ከፈለግሽ ክረምት ሳይገባ ይሁን፣ ከተቀባ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ውሃ መንካት የለበትም።

ዋናው በሽታ ግን ያ የጠዋቱ ደረቅ ጨርቅ ነው። ሲሚንቶና አሸዋ ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው፣ አንቺ በየቀኑ በእጅሽ ስታሺበት ነበር። መስታወቱንም ቢሆን መጀመሪያ ውሃ አፍሺበት፣ ኮፈኑን ግን አቧራ ይዛ ትሂድ፣ አቧራ ብቻውን አይጭርም። ለሚያጥቡሽ ልጆች ሁለት ባልዲ ስጪያቸው፣ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ማለቅለቂያ። ጎማና ቸርኬ የነካ ጨርቅ አካሏን አይንካ። መሬት የወደቀ ጨርቅም አይመለስ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ይቅር። ልጆቹን አትቆጪያቸው፣ ማንም አላሳያቸውም፣ አንዴ ካሳየሻቸው ከማንም በላይ ይጠነቀቁልሻል። የጉድጓድ ውሃ ደርቆ የሚተወውን ነጭ ነጠብጣብ አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለሽ በጥላ ውስጥ አስነኪው፣ ከደቂቃ በኋላ በብዙ ውሃ አለቅልቂው።

እናት ከኮዬ፦

ዛሬ አስለካኋት። ልጁ መለኪያውን እያስጠጋ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይነግረኛል፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ኮፈን 108፣ 112፣ 105። የሹፌሩ በር 118። ጣሪያ 96። የኋላ ግራ በር ላይ ሲደርስ ዝም አለ፣ ደግሞ ለካ፣ 264። ይሄ በር ተቀብቷል አለኝ። ስገዛት "ቀለም አልነካትም" ተብሎልኝ ነበር። ልቤን ነካኝ፣ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ይባላል፣ ማወቄ ይሻላል።

ጣሪያው ማክሰኞ ይቀባል፣ ኮፈኑን የሚሠራልኝ ይሄው ልጅ ነው፣ ፀሐይ ላይ አይሠራም፣ የራሱ ዝግ ክፍል አለው። ሁለት ባልዲ ገዝቼ ለሰፈሬ ልጆች ሰጠኋቸው። ታናሽየው አንደኛው ላይ በቀለም "ጎማ አይገባም" ብሎ ጽፎበታል። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ጣሪያው ከተቀባ በኋላ መቼ ነው የምትታጠበው?

ባለማሽኑ ከገላን፦

ለመጀመሪያው ሳምንት አትታጠብ። የወፍ ኩስ ካረፈባት ብቻ ቶሎ በንጹሕ ውሃ አውርጂው። ከዚያ በኋላ ለስላሳ እጥበት ይበቃታል። አዲሱ ቀለም ላይ ሰምም ሴራሚክም ከ30 እስከ 60 ቀን አይነካው፣ ውስጡ ያለው ቲነር ገና እየተነነ ነው፣ ቀለሙን የሠራው ሰው የነገረሽን ቀን ጠብቂ። አልኮሉንም አዲሱ ጣሪያ ላይ አትሞክሪ። የኋላ ግራውን በር ፖሊሽ ለሚያደርገው ልጅ ቀድመሽ አስታውሺው፣ ጋራዥ የተቀባ ክሊር ከፋብሪካው ሊለሰልስ ስለሚችል እዚያ ላይ በቀላል እጅ ይሂድ።