እንጀራው ሞልቷል፣ የለንደኑን ምግብ ግን በምን ልተካው?

የብሪክስተኗ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከለንደን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ከመጣን አምስት ወር ሆነን። ሁለቱም ልጆቼ የተወለዱት ለንደን ነው። ልንመጣ ስንል ሰው ሁሉ «እንጀራ እንዳትቸገሩ» ሲለን ነበር። እንጀራማ እዚህ ሞልቷል። የቸገረን የእንግሊዝ ምግብ ነው! ባለቤቴ «ሃያ ዓመት ሙሉ ጣዕም የለውም ስትዪው ኖረሽ» እያለ ይስቅብኛል።

ልጆቹ ጠዋት ቶስት ላይ የሚደረገውን ቦሎቄ፣ ቤክድ ቢንስ የሚሉትን፣ ለምደዋል። እዚህ የገዛሁት እንደ ማር ይጣፍጣል። ጣሳውን አገላብጬ ሳነበው ደግሞ አሳማ አለበት። ደፋሁት። ትንሿ ራይቢና ትላለች፤ ብላክከረንት ከሚባለው ትንሽ ጥቁር ፍሬ የሚሠራው መጠጥ ነው። ቀለሙን አይቼ የገዛሁላት ጭማቂ የወይን ሆነና «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» ብላ ተፋችው። እኔ ኬክ መጋገር እወዳለሁ፤ ሴልፍ ሬይዚንግ ዱቄት (ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት)፣ ካስተር ስኳር (ደቃቁን) እና ጎልደን ሲረፕ (እንደ ማር ያለውን የስኳር ሽሮፕ) አጣሁ። ሻዩም ውሃ ውሃ ይላል። ቤከንና ቋሊማ አልጠየቅኩም፣ አሳማ ቤታችን አይገባም።

የሊድሱ ልጅ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ቨርጂኒያ ስምንት ዓመቴ ነው። ትልቁ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከመንከራተትሽ በፊት የህንድ ሱቅ ግቢ። እንግሊዝ ህንድን ለቃ ስትወጣ ብስኩትና ኩስታርዱን እዚያው ትታ ነው የሄደችው። ዳይጀስቲቭ ብስኩት፣ በርድስ ኩስታርድ፣ በወተት የሚጠጣውን ሆርሊክስ፣ አንዳንዴም ለቁርስ የሚሆነውን ዊታቢክስ ታገኛለሽ።

ሻይሽንም ከዚያው ግዢ። «አሳም ሲቲሲ» የሚል፣ ጥቁር ድቡልቡል ፍሬ የሚመስል ሻይ አለ። ወተት ቢገባበትም አይሸነፍም። እዚህ በየመደርደሪያው ያለው የከረጢት ሻይ ብዙው በበረዶ ለሚጠጣ ሻይ የተሰናዳ ስለሆነ ወተት ሲነካው ይጠፋል። የዮርክሻየር ሻይም በብዙ ሱቅ ይሸጣል፣ ዋጋው ግን ያናድዳል።

ሽሮ በቶስት

ቦሎቄውን ለኔ ተዪው። የእንግሊዙ ሄንዝ ጣሳ እዚህም አለ፣ ከውጭ የመጡ ምግቦች መደርደሪያ ላይ ፈልጊ። ቦሎቄ በቲማቲም ብቻ ነው፣ ሥጋ የለበትም። እኔ ረቡዕና ዓርብ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ላይ አድርጌ እበላዋለሁ፤ ከዚህ የሚቀል የጾም ቁርስ አላውቅም።

ዋጋው ከበዛብሽ ቤት ሥሪው። «ኔቪ ቢንስ» የሚባለውን ነጭ ቦሎቄ አንድ ጣሳ ግዢና እጠቢው። አንድ ብርጭቆ የተፈጨ ቲማቲም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ሽንኩርት ዱቄት፣ ትንሽ ፓፕሪካና ጨው ጨምረሽ በዝግታ ሃያ ደቂቃ አንተክትኪው። መጨረሻ ላይ ጥቂቱን ቦሎቄ በማንኪያ ጀርባ ደፍጠጥ አድርጊ፤ መረቁን ወፈር የሚያደርገው እሱ ነው። ለራስሽ ሲሆን ሚጥሚጣ ነስነስ አድርጊበት።

በነገራችን ላይ ነጭ ቦሎቄ ከኛም አገር፣ ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ለአውሮፓ የጣሳ ፋብሪካዎች ይላካል። ልጆችሽ የናፈቃቸው ምናልባት የዝዋይ ቦሎቄ ይሆናል።

ዳቦ ጋጋሪዋ

ዱቄቱ ቀላል ነው። ለ150 ግራም ተራ ዱቄት ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ጨምረሽ ሁለት ጊዜ ንፊው። እዚህ «ሴልፍ ራይዚንግ» ተብሎ የሚሸጥም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጨው ስላለበት ከያዝሽው ጨው አንሺ። ካስተር ስኳር እዚህ «ሱፐርፋይን» ይባላል። ካጣሽ ተራውን ስኳር ብሌንደር ውስጥ ጥቂት ሰከንድ አሽከርክሪው፤ ከበዛ ዱቄት ይሆንብሻል።

ለጎልደን ሲረፕ የበቆሎ ሲረፕ አትተኪ። ይጣፍጣል እንጂ ያ የተቃጠለ ስኳር ጠረን የለውም። ይልቅ 100 ግራም ስኳር በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ አቅልጪ፣ የማር ቀለም ሲይዝ ከእሳት አውርጂ፣ 300 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ቀስ እያልሽ ጨምሪበት። ይንጫጫል፣ ይረጫል፣ ልጆቹን አርቂያቸው! ከዚያ 500 ግራም ስኳርና አንድ ቁራጭ ሎሚ ጨምረሽ፣ ሳታማስዪ፣ በጣም በቀዘቀዘ እሳት 45 ደቂቃ ያህል ተዪው። ሲቀዘቅዝ ይወፍራል።

አንድ የረሳሽው ነገር፤ ምድጃሽ በፋራናይት ነው። የለንደኑ 180 እዚህ 350 ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ 180 ላይ የጋገርኩት ኬክ ከሁለት ሰዓት በኋላም ሊጥ ነበር።

ጅዳ የነበርኩ

በራይቢናው ፈንታ ቪምቶ የሚባለውን መጠጥ ስጫት! ጅዳ ሳለሁ በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የሌለበት ቤት አላየሁም። ዓረቦች የራሳቸው ነው የሚመስላቸው፤ የወጣው ግን ከእንግሊዟ ማንቸስተር ነው፣ በ1908 እ.ኤ.አ.። ወይን፣ ራስቤሪና ብላክከረንት አለበት፤ ያች የለመደችው ጣዕም የብላክከረንቱ ነው። ወፍራሙን በጠርሙስ ከዓረብ ሱቅ ግዢና በውሃ በርዢው።

የሊድሱ ልጅ

ጥሩ አስታወስሽ። ብላክከረንት እዚህ የማይታወቀው አለምክንያት አይደለም። ተክሉ ነጭ ጥድን የሚገድል በሽታ ይሸከማል ተብሎ በባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በመላ አገሪቱ ታገደ። የፌዴራሉ እገዳ የተነሳው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኒውዮርክ ደግሞ እስከ 2003 ቆይታለች። ለዚህ ነው ሐምራዊ ከረሜላ ሁሉ እዚህ ወይን ወይን የሚለው።

የብሪክስተኗ

ተባረኩ! እህቴ በሚቀጥለው ወር ከለንደን ትመጣለች። ካድበሪ ቸኮሌት ታምጣ ወይስ የዚህኛው ያው ነው?

ዳቦ ጋጋሪዋ

ታምጣ እንጂ! የዚህኛውን የአሜሪካው ቸኮሌት ፋብሪካ ሄርሺ ነው በፈቃድ የሚሠራው። የእንግሊዙ መጠቅለያ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ወተት ነው፣ የዚህኛው ላይ ስኳር። ልጅ ደግሞ አይታለልም።

ሽሮ በቶስት

እኔስ ለኬክ የሚለየው ነገር አልታየኝም። ለመብላት ከሆነ እሺ።

የሊድሱ ልጅ

ቸኮሌት፣ ብስኩትና ሻይ ችግር የላቸውም። ሥጋ ያለበት ነገር ግን አትያዝ፣ የሥጋ ሾርባ ዱቄትም ቢሆን። የያዘችውን ምግብ ሁሉ ስትገባ ለጉምሩክ ታስመዝግብ፤ ሳያስመዘግቡ መያዝ ነው የሚያስቀጣው።

የብሪክስተኗ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ቪምቶው አለቀ፣ ሁለተኛ ጠርሙስ ገዛን። ቦሎቄውን ትልቁ «ሊሆን ትንሽ ቀረው» አለው፤ ትንሿ ሳህኑን ላሰችው። ሲረፑን አንድ ጊዜ አሳረርኩት፣ ሁለተኛው ተሳካ። የቀረኝ ኬትሌ፣ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያዬ፣ ብቻ ነው። ከለንደን ያመጣሁትን በመቀየሪያ ሰክቼ እስኪፈላ ሰው ይሸብታል።

የሊድሱ ልጅ

ንቀይው እህቴ! እሱ የተሠራው ለ230 ቮልት ነው፣ የዚህ አገር 120 ነው። መቀየሪያሽ የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ኃይሉን አይቀይርም። የዚህን አገር ግዢ። እሱም ቢሆን 1500 ዋት ገደማ ስለሆነ ከለንደኑ 3000 ጋር አይወዳደርም፣ ትንሽ ያስጠብቅሻል። እኔ ቤት ሻይ ለብዙ ሰው ሲሆን ድስት ጥዶ ማፍላት ይቀድማል።