ከገጠር ወጥቶ የኖረ ሰው ሲመለስ መሬት ይገባዋልን?

ጠያቂዋ፦
አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ነው። ከዚያ የወጣሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሲሆን አዲስ አበባ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። እንጀራዬም ልጆቼም እዚሁ ናቸው። ልቤ ግን አንድም ቀን እዚህ አላደረም። የግቢያችን በር ከወይራ የተጠረበ ነው፤ አባቴ ክረምት ሊገባ ሲል ዝናቡ እንዳያሳብጠው ማጠፊያውን ቅቤ ይቀባው ነበር። ያ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ ዛሬም ከሌላ በር ድምፅ ለይቼ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ሄጄ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በወራሽነት ልመዝገብ ብል «አንቺ የቤተሰብ አባል አይደለሽም» ተባልኩ። የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የአባቴና የእናቴ ነው! የእነርሱ ልጅ ካልሆንኩ የማን ነኝ? አባቶቻችን «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይሉ ነበር። እኔ የወጣ ሰው ሲመለስ መሬት ይገባዋል እላለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መሬት የሌለው ገበሬ፦
እህቴ፣ ለአባትዎ ነፍስ ይማር። ሐዘንዎን አከብራለሁ፤ ሐሳብዎን ግን አልቀበልም።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት ሲሸነሸን እኔ ጡት አልጣልኩም ነበር። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቀበሌ ክፍፍል አላየሁም። አባቴ አራት ጥማድ አለው፤ አንድ ሄክታር ማለት ነው። እኛ ደግሞ አምስት ወንድማማቾች ነን። ስለዚህ የሰው መሬት በመጋዞ አርሳለሁ። ባለመሬቷ ባሕር ዳር ትኖራለች። በሬው የእኔ፣ ዘሩ የእኔ፣ ማዳበሪያው በእኔ ዕዳ፣ አረሙም አጨዳውም በእኔና በባለቤቴ ጉልበት ነው። ምርቱ አውድማ ላይ ሲሰፈር ግን የአጎቷ ልጅ ቁናውን ይዞ ይቆማል፤ አንድ ቁና ለእርሷ፣ አንድ ቁና ለእኔ። ትንሹ ልጄ አጠገቤ ቆሞ ይቆጥር ነበር። «ይኼኛውስ የማን ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። ያን ጊዜ ምን ብዬ እንደምመልስለት እስኪ ይንገሩኝ።

እናንተ ከተማ ሆናችሁ የምትናፍቁት መሬት ባዶ አይደለም። ላቡን የሚያፈስበት ሰው አለበት። «መሬት ለአራሹ» የተባለው ለዚህ አልነበረም?

የሕግ ባለሙያ፦
በስሜት እንዳንዋጥ ሕጉ የሚለውን ላስቀምጥ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ እህታችን የጠቀሱትን ርስት አብሮ አስቀርቶታል። በርስት ሥርዓት ከአቅኚው አባት መወለዱን ያስረዳ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በሩቅ አገር ቢኖር እንኳ ድርሻውን መጠየቅ ይችል ነበር። ለትውልድ የሚተላለፍ ሙግትም ያስከትል ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ፣ ገበሬው ያለ ክፍያ መሬት የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል።

«የቤተሰብ አባል አይደለሽም» የሚለው መልስ መነሻው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 456 ነው። አዋጁ የቤተሰብ አባል ያለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራውን ሰው ነው እንጂ ከእርሱ የተወለደውን ሁሉ አይደለም። ባለይዞታው በራሱ ፈቃድ አካባቢውን ለቆ የተወሰነ ጊዜ ያለፈበት መሬትም መሬት ለሌላቸው እንዲከፋፈል ያዝ ነበር። የጊዜው ርዝመት ከክልል ክልል ይለያይ ነበር። በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1324 ያንን ተክቶታል፤ የመጠቀም መብትን በዋስትና ማስያዝም ተፈቅዷል። የሁለቱም መሠረት ግን መሬት በእርሻ ለሚተዳደር ሰው ነው የሚለው ነው። ወደድንም ጠላንም ናፍቆት በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም።

ከቤት የወጣሁ ሴት፦
«በራሱ ፈቃድ» የምትለዋን ቃል ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳት። እኔ በራሴ ፈቃድ አልወጣሁም። በአሥራ አምስት ዓመቴ ድረውኝ ነው፣ በቅሎ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለት ወንዝ ተሻግሬ የሄድኩት። ወንድሞቼ ከአባታችን ጋር ስለቀሩ «የቤተሰብ አባል» ሆኑ፤ እኔ ስለተዳርኩ እንግዳ ሆንኩ። ትዳሬ ሲፈርስ ወዴት ልመለስ? የባሌ ቀበሌ «አገርሽ ግቢ» አለኝ፤ አገሬ ደግሞ «ተድረሽ ሄደሻል» አለኝ። አብሮ የኖረ ይውረስ የሚለው ሕግ ለወንዱም ለሴቷም እኩል የተጻፈ ይመስላል። ከቤት እንድትወጣ የምትደረገው ግን ሴቷ ናት። ወንድሜ ገበሬው፣ አንተ የምትለው እውነት አለው፤ የእኔንም ግን ከከተማ ናፋቂ ጋር አትደምረው።

መሬት የሌለው ገበሬ፦
እርስዎን አልደምርም። ያረሰችና ልታርስ የምትፈልግ ሴት ከእኔ ብትቀድም ቅር አይለኝም።

ጡረተኛ መምህር፦
እኔ ከሠላሳ አራት ዓመት የመምህርነት ሥራ በኋላ ወደ ተወለድኩበት መንደር ተመልሻለሁ። ስለዚህ የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄው «መቼ ትሄዳለህ?» ሆነ። ክፋት አልነበረበትም፤ ለእነርሱ እኔ የምመጣና የምሄድ ሰው ነበርኩ። አብሮ አደጎቼ አብዛኞቹ አልፈዋል። ውኃ የምንቀዳበት ምንጭ ደርቋል። ወንዙ ዳር የነበረው የግጦሽ መስክ ታርሶ ባሕር ዛፍ ቆሞበታል። ሌሊት ብቻዬን ተቀምጬ፣ የናፈቅኩት ይህንን ነው ወይስ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅነቴን ነው ብዬ አልቅሻለሁ። ያም ሆኖ አልቆጨኝም። «ከአገር የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» የተባለው ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው የተጫነ ሰው ብቻ ነው። እኔ ተጭኜ ኖሬያለሁ። አሁን ጠዋት ስነሳ ማንም ጎረቤት ስሜን ከነአባቴ ይጠራዋል። ይህንን በምንም አልለውጠውም።

ልጄ ገበሬው፣ ማሳውን በተመለከተ ከአንተ ጋር ነኝ። የቤት ቦታና ማሳ ግን አንድ አይደሉም። የወጣው ሰው ሁሉ በዘመዱ እጅ መሬቱን አንቆ የሚይዘው ለምን ይመስልሃል? ባለመሬትህ ባሕር ዳር ተቀምጣ የማትለቀው ከስስት ብቻ አይደለም። ዛሬ ከለቀቀች ነገ ስታረጅ መግቢያ አይኖራትም። ሕጉ «ማሳውን ለአራሹ ልቀቂ፣ የአባትሽ ጎጆ የቆመባትን ቦታ ግን ማንም አይነካብሽም» ቢላት ኖሮ ማሳውን ትለቅልህ ነበር ብዬ አምናለሁ። በሩ ጨርሶ ስለሚዘጋ ነው ሰው እጁን በበሩ መሐል የሚያስገባው።

መሬት የሌለው ገበሬ፦
አባቴ፣ ቃልዎ ልቤን ነክቶታል፤ ሥጋቴን ግን አላነሣልኝም። ጎጆ ብሎ የጀመረ ሰው አጥር ያጥራል። አጥሩን በየዓመቱ አንድ ክንድ ይገፋል። ገንዘብ ያለው የከተማ ሰው በቆርቆሮ ቤት ሠርቶ፣ ዘበኛ አስቀምጦ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት ይመጣል። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ አምስታችን ጎጆ የምንወጣበት ቦታ ስናጣ የእርሱ ቤት ተቆልፎ ይከርማል። እርስዎ እንዳደረጉት ጠቅልሎ የመጣ ሰው ይግባ፤ ከፊት ሆኜ ጭቃውን አቦካለታለሁ፣ ሣሩን አጭድለታለሁ። ቁልፍ ይዞ የሚሄደውን ግን አልቀበልም።

የሕግ ባለሙያ፦
እዚህ ላይ የእኔም አቋም ተለውጧል። የቤት ቦታን ከማሳ ለይቶ ማየት፣ መብቱንም በነዋሪነት ላይ ማሰር፣ አሁን ካለው የተሻለ ነው። የተቆለፈ ቤት ከተወሰነ ጊዜ በኋላ መብቱን ያጣል ብሎ መደንገግ ይቻላል። ተድራ የወጣችን ሴት ግን «በራሷ ፈቃድ የለቀቀች» ብሎ መቁጠር ስህተት ነው፤ በግልጽ ሊጻፍላት ይገባል።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። ስጀምር የነበረኝን ቁጣ ያህል አሁን የለኝም። ማሳውን በተመለከተ ወንድማችን ገበሬው አሸንፎኛል፤ ያቺ የቁናዋ ነገር ከእንቅልፌ ቀስቅሳኛለች። ሞፈር ጨብጬ አላውቅም፤ ከታናሽ ወንድሜም ሆነ እንደ ገበሬው ካለ ሰው ግማሽ ቁና መውሰድ አልፈልግም።

ትናንት ማታ ለወንድሜ ስልክ ደወልኩ። «እርሻው የአንተ ነው፣ ካስፈለገም እፈርማለሁ። እኔ የምፈልገው ከጎተራው ጀርባ ያለችውን ቦታ ነው፤ ሁለት ክፍል ቤት ሠርቼ ጠቅልዬ ልገባ ነው» አልኩት። መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እህት ዓለም፣ ያችን ቦታ እኮ ለበኩር ልጄ ጎጆ መውጫ አስቤያት ነበር። ድንጋዩንም አምና አስከምሬያለሁ» አለኝ።

ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ እሄዳለሁ፤ ከአባቱ ጋር ሳይሆን ከእርሱ ጋር ልነጋገር።